ዘረፋና ቅኔ፤ ስለ ኮምፒዩተር ዴሞና ስለ ፊደላችን

አማርኛ ቅኔ ለሚያፈልቅ ሰው የሰጠው ግሥ የሽፍታ ግሥ ነው፤ ቅኔ ይዘረፋል። ባለቅኔው ዘራፊ ነው፤ ጥሩ ከዘረፈም ‹‹ይበል! ይበል!›› ይባልለታል እንጂ የሚያስረው የለም። ግሡ ከየት መጣ የሚለውን ምርመራ ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወውና፣ እኛ ዛሬ ለሂስ የምናቀርበው ጥበብ ጀማሪዎቹ በእርግጥም ዘራፊዎች የነበሩበትን ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን እንናገራለን።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1982 ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒዩተር ገበያ ላይ ዋለ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ፣ ሜሞሪው 64 ኪሎባይት ብቻ የሆነ ዕቃ ነው። የሚጫወቱበት ጨዋታ እንዳይቀዳ ተቆልፎ ይሸጥ ነበርና፣ የአውሮፓ ጎረምሶች ቁልፉን እየሰበሩ ለጓደኞቻቸው ያድሉ ጀመር። በሕግ ዓይን ስርቆት ነው፤ እነሱም አልካዱም። ግን ስሙን የማይደብቅ ሌባ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ቁልፉን የሰበረው ቡድን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የራሱን ማኅተም ያስገባል፤ የቡድኑ ስም በደማቅ ቀለም ይሽከረከራል፣ ከበታቹ ለወዳጅ ሰላምታ ለባላንጣ ስድብ የያዘ ጽሑፍ ይሮጣል፣ ሙዚቃም አለው። ዓመታት ሲያልፉ ማኅተሙ ከደብዳቤው በለጠ። በመጨረሻም ጨዋታው ቀረና ማኅተሙ ብቻውን ይሠራ ጀመር። ዴሞ የምንለው ይህን ነው፤ ሠሪዎቹና ማኅበራቸው በጠቅላላው ዴሞሲን ይባላሉ።

ይህ ነገር በክበባችን ውስጥ በተነሳ ቁጥር ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንደኛው ‹‹የፈረንጅ ጎረምሳ መጫወቻ ለደብረ ማርቆስ ተማሪ ምኑ ነው?›› ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ‹‹ይኸማ የኛው ቅኔ ነው! ዲማና ደብረ ኤልያስ ስንት መቶ ዓመት ቀድመዋቸዋል!›› ይላል። እኛ ከሁለቱም አልተስማማንም። የመጀመሪያው ወገን ሳያይ የፈረደ ነው። ሁለተኛው ግን የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት ይዟል፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ኩራት ሲጨመርበት ማሰቢያ ይዘጋል። ስለዚህ ዝምድናው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ፣ የት ላይ እንደሚበጠስም እንመልከት።

በመጀመሪያ ዴሞ ፊልም አይደለም። ተቀርጾ የተቀመጠ ሥዕል የለውም፤ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱን ምስል ማሽኑ በዚያችው ቅጽበት እያሰላ ያወጣዋል። ለምንም ሥራ አይውልም፣ አይሸጥም። የሚቀርበው በጉባኤ ነው፤ በዴንማርክ ከ1991 ጀምሮ ለዓመታት ‹‹ዘ ፓርቲ›› የሚባል ይካሄድ ነበር፣ በፊንላንድም ‹‹አሴምብሊ›› በ1992 ተጀመረ። በአዳራሽ ተሰብስበው በትልቅ ሸራ ያሳያሉ፣ ታዳሚው ይፈርዳል። ታዳሚው ደግሞ ራሱ ሠሪ ነው። ውድድሩ በመጠን የተከፈለ ነው፤ 64 ኪሎባይት የማያልፍ፣ 4 ኪሎባይት የማያልፍ እየተባለ። (አራት ኪሎ ሲባል የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ።)

ቅኔ ቤት የገባ ወይም ደጁን የረገጠ ሰው ይህን ሲሰማ ጆሮው መቆሙ አይቀርም። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው፣ ሚበዝኁ 3፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8። ተማሪው ከመንደር ወጣ ብሎ ጫካ ሥር ወይም ጋቢውን ተከናንቦ ሲቆጥር ይውላል፤ ያፈራውንም ለመምህሩ ያቀርባል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መምጣት ነውር ነው፤ የሌላውን ይዞ መምጣትማ ከነውርም በላይ ነው። በልክ መሥራት፣ ልኩን በሚያውቅ ሰው ፊት መቆም፣ አንዴ ብሎ መሄድ፤ ይህ ሁሉ እዚያም እዚህም አለ። ሁለተኛው ወገን የያዘው ግማሽ እውነት ይኸ ነው።

ስለ ስማቸውም አንድ ነገር እንበል። ዴሞ ሠሪ በወላጆቹ ስም አይጠራም፤ የቡድን ስምና የራሱ የብዕር ስም አለው። መጀመሪያ ነገሩ ከፖሊስ ለመሸሽ ነበር። በኋላ ግን ስሙ ክብር ሆነ፤ ስሙን ያልሰማ እንግዳ ነው። እኛ ዘንድ የፈረስ ስም እንደሚባለው ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ የኛውም የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና። የፈረስ ስም በጦር ሜዳ እንጂ በግብር መዝገብ አይገኝም።

እነዚህ ልጆች በምን ተገናኙ? ኢንተርኔት በየቤቱ ሳይገባ በስልክ ነው። በየካቲት 1978 ቺካጎ ውስጥ ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ስዌስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ኮምፒዩተርን ከስልክ መስመር ጋር አገናኝተው የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ማስታወቂያ ሰሌዳ ከፈቱ። የካምፓሳችንን ማስታወቂያ ሰሌዳ አስቡት፤ ልዩነቱ አንድ ሰው ሲያነብ ሌላው መቅረብ አለመቻሉ ነው፣ መስመሩ አንድ ነውና። ደዋዩ ያነባል፣ መልእክቱን ይለጥፋል፣ ፋይል ይወስዳል ወይም ያስቀምጣል፣ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ይደውላል። (እዚህ አገር በዚያው ዓመት፣ በ1970 ዓ.ም. በእኛ፣ የእነሱ እኩያ የነበረ ወጣት ምን ላይ እንደነበረ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።)

በ1984 ደግሞ ቶም ጄኒንግስ የተባለ ሰው ፊዶኔትን ፈጠረ። ብልሃቱ ቀላል ነው። ሰሌዳዎቹ ሌሊት የስልክ ዋጋ ሲቀንስ እርስ በርሳቸው ይደዋወላሉ፤ የሰበሰቡትን መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ያም ለሌላው ያቀብላል። እንዲህ እያለ መልእክት በጥቂት ሌሊት ከአገር አገር ይሻገራል። የገጠር ሰው በገበያተኛ መልእክት የሚልከው እንዲሁ ነው፤ ከዚህ ገበያ የሄደው እዚያ ገበያ ላገኘው ይነግራል፣ ያ ደግሞ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ለባለቤቱ ያደርሳል። ይዘገያል እንጂ ይደርሳል። እኛ ይህን የመዘግየት ነገር እንደ ጉድለት ብቻ አናየውም። አንድ ሌሊት የሚያድር መልስ አንድ ሌሊት የታሰበበት ስድብ ይሆናል፤ የዚያን ዘመን የቡድን ፉክክር በዴሞ ስድብ እስኪመላለስ ድረስ የሠለጠነው በዚህም ይመስለናል።

ፊዶኔት አገራችን ገብቶ ነበር ብንል የማያምን ይኖራል። ገብቶ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል የፊዶኔት ጣቢያ አቁሞ ነበር፤ መልእክቱም በስልክ ወደ ለንደን እየተሻገረ ለዓለም ይዳረስ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በጥር 1997 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው መስኮት ይኸው ነበር። ታዲያ ከዚህ መስኮት ዴሞ ለምን አልወጣም? ተጠቃሚው ተመራማሪ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ የእርዳታ ድርጅት ነበር፤ የ15 ዓመት ጎረምሳ ሌሊቱን ሙሉ የሚነካካው ማሽን በቤቱ አልነበረም። መንገዱ አንድ ነበር፤ መንገደኛው ግን ሌላ። ስለዚህ ‹‹እኛም ነበርን›› ብሎ ለመኩራት አይበቃም፤ ‹‹አልነበርንም›› ለማለትም እንዲሁ።

አሁን ወደ ሥራዎቹ እንግባ፤ ያለ ሥራ ሂስ ወሬ ነውና።

ከሁሉ በፊት እኛን የማረከን ትልቅ ስም ያለው ዴሞ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ዘዴ ናት። የኮሞዶር 64 ሥዕል በቴሌቪዥኑ መሐል ነው የሚታየው፤ ዙሪያው ባዶ ድንበር ነው። ድንበሩ ላይ ምንም ሊሣል አይችልም፤ የማሽኑ ሕግ ነው። ሠሪዎቹ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። የሥዕሉ ቺፕ መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የታችኛውን ድንበር የሚዘጋው የጽሑፉ ረድፍ 24 ነው ወይስ 25 ብሎ አይቶ ነው፤ 24 ከሆነ ቀደም ብሎ፣ 25 ከሆነ ጥቂት መስመር ቆይቶ። እንግዲህ በ24ቱ መዝጊያ ላይ ሲያልፍ ‹‹25 ነው›› ይሉታል፤ አልፎ ወደ 25ቱ መዝጊያ ሳይደርስ ‹‹ኧረ 24 ነው›› ይሉታል። ሁለቱንም ስቶት ድንበሩን ሳይዘጋ ያልፋል። በሰከንድ 50 ጊዜ እንዲህ ያታልሉታል። የተከለከለው ቦታ ይከፈታል፤ ሥዕል እዚያ ላይ ይንሳፈፋል።

ይህ በእኛ አስተያየት ቅኔ ነው፤ በምሳሌ ሳይሆን በአሠራሩ። ሕጉ አልተሻረም፤ እያንዳንዷ ትእዛዝ የተፈቀደች ናት። ያልተፈቀደው ውጤቱ ነው። ሰም ለበስ ቅኔም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ በሰዋስው ትክክል ነው፣ ንጉሡ ፊት የሚያስቀጣ ነገር የለበትም፤ ወርቁ ግን ሕጉ ሳያየው ድንበር ተሻግሯል። ሌላም ነገር እንጨምር። ማሽኑን የማያውቅ ተመልካች ከቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ አንዲት ኳስ ስትንሳፈፍ ያያል፣ ‹‹እና ምን ይጠበስ?›› ይላል። ማሽኑን የሚያውቀው ከወንበሩ ይወድቃል። ግእዝ የማያውቅ ሰው መወድስ ሲሰማ ዜማውን ብቻ እንደሚሰማ ማለት ነው። የዴሞ ወርቅ ያለው ከማሽኑ ዕውቀት ውስጥ ነው።

ከዚህ ተነስተን ታላላቆቹን ስናያቸው ፍርዳችን የተለያየ ነው። በ1993 ‹‹ፊውቸር ክሩ›› የተባለ የፊንላንድ ቡድን በአሴምብሊ ያሸነፈበት ‹‹ሰከንድ ሪያሊቲ›› በዘመኑ ተራ የሥራ ኮምፒዩተር ይህን ይችላል ወይ ያሰኘ ሥራ ነው። ነጥቦች ይዘላሉ፣ ኪዩቦች ይሽከረከራሉ፣ መጨረሻ ላይ በሕንፃዎች መካከል ይበረራል፤ ሙዚቃውና ምስሉ አንዴም አይሳሳቱም። እኛ ሦስት ጊዜ አየነው። በሦስተኛው ጊዜ ደከመን። ምክንያቱም ‹‹ይህንንም እችላለሁ፣ ይህንንም እችላለሁ›› የሚል የፉከራ ዝርዝር ነው፤ ‹‹ዘራፍ!›› ብሎ ጀምሮ ‹‹ዘራፍ!›› ብሎ ይጨርሳል። ፉከራ ክብሩ ባይነካም፣ ፉከራ ብቻውን ቅኔ አይሆንም። ለሠሪዎቹ ፍትሕ ለመስጠት ግን አንድ ነገር እንናገር፤ በ2013፣ በ20ኛ ዓመቱ፣ የፕሮግራሙን ምንጭ ለሁሉም ክፍት አድርገውታል። ይህን ጉዳይ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1992፣ ‹‹ስፔስቦልስ›› የተባለ የኖርዌይ ቡድን በዴንማርኩ ጉባኤ ያሸነፈበት ‹‹ስቴት ኦቭ ዘ አርት›› ሌላ ዓይነት ነው። አሚጋ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ሴት ትጨፍራለች፤ ጥላዋ ብቻ፣ በቀለማት ፊት። ብዙ ፕሮግራም ሠሪዎች ተቆጥተው ነበር፤ ‹‹እንቅስቃሴው አስቀድሞ ከቪዲዮ ተቀድቶ የተቀመጠ ነው እንጂ ማሽኑ ያሰላው አይደለም›› ብለው። ቁጣው ገብቶናል፤ የተቀዳ ቅኔ ይዞ እንደ መምጣት ቆጠሩት። ግን እኛ እዚህ ላይ ከተቆጡት ጋር አንቆምም። ከሁሉም ሥራዎች ውስጥ የሰው ገላ ያየንበት ይኸ ነው፤ የሚያስጨፍርም ይኸ ነው። ቅሬታችን ሌላ ነው። በዚህ የወንዶች ጉባኤ ሴት የገባችው ጥላ ሆና ነው። የቅኔ ቤትም በወንድ የተሞላ ነው ትሉን ይሆናል፤ እውነት ነው። ሆኖም ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አላት፤ ዓይነ ስውር ሆነው ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ከሸራው ላይ የምትጨፍረዋ ጥላና ወንበር ላይ የተቀመጡት መምህር አንድ ላይ ሲታሰቡ፣ የትኛው ጉባኤ ‹‹ዘመናዊ›› እንደ ሆነ ጥያቄ ይነሳል።

በ2009 ጀርመን አገር ‹‹ብሬክፖይንት›› በተባለው ጉባኤ በ4 ኪሎባይት ዘርፍ ያሸነፈው ‹‹ኤሌቬትድ›› ግን አንደበታችንን ያሰረ ነው። ‹‹አርጂቢኤ›› እና ‹‹ቲቢሲ›› የተባሉ ሁለት ቡድኖች የሠሩት ነው። መጠኑ 4,096 ባይት፤ በውስጡ ግን በረዶ የለበሰ የተራራ ሰንሰለት፣ ውሃ፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ሙዚቃም አለ። ተራራውን የሣለው ሰው የለም። ሒሳቡ ተራ ነው፤ ትልቅ ጉብታና ሸለቆ በዘፈቀደ ቁጥር ይሠራል፣ በላዩ ላይ ያነሰ ጉብታ ይደመራል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ያነሰ፤ እንዲህ እያለ ድንጋዩ ድረስ ይወርዳል። 4,096 ባይት ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ይህን አስቡ፤ ዛሬ በምንጽፍበት ሥርዓት አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 4,096 ባይት ማለት ወደ 1,365 ፊደል ነው። አሁን የምታነቡት ጽሑፍ እስካሁን ብቻ ከዚያ አልፎ ሄዷል፤ ግን ተራራ አላቆመም።

ዶርም ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን ስናየው አንዱ ጓደኛችን፣ የጮቄ ግርጌ ልጅ ነው፣ ‹‹መንገዱ የታለ?›› አለ። ሳቅን። ግን ጥያቄው ሂስ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ነው፤ ጅብራ አለበት፣ ጓሳ አለበት፣ ገብስ እስከ ላይ ድረስ ይታረሳል፣ ጭስ ይታያል። የ‹‹ኤሌቬትድ›› ተራራ ማንም ወጥቶት አያውቅም። ቁጥር የወለደው ስለ ሆነ ቁጥር ነው የሚመስለው፤ ውብ ነው፣ ብርድ ነው። ይህን ስንል ሥራውን ለማሳነስ አይደለም፤ በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ውስጥ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ካላስገባህ የሚል የለም። ሆኖም ባዶነቱ ከመጠኑ ብቻ የመጣ አይመስለንም፤ የዚህ ጥበብ ልማድ ነው። ማሽኑ ምን ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ ማን እዚያ ይኖራል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት።

በነገራችን ላይ፣ እኛ ያየነው ቪዲዮውን ነው። የ4 ኪሎባይቱ ሥራ ቪዲዮ ሲሆን በሺህ እጥፍ ይከብዳል። ዴሞን በቪዲዮ ማየት ቅኔን በአማርኛ ትርጓሜው ብቻ መስማት ነው፤ ነገሩ ይገባል፣ ልኩ ግን ይጠፋል።

ውድ አንባቢያን፣ እስከዚህ ዝምድናውን ስንቆጥር ቆየን። አሁን የሚበጠስበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የአውሮፓው ልጅ 4 ኪሎባይትን የመረጠው በ2009 ነው፤ በዚያን ጊዜ በጠረጴዛው ላይ ያለው ማሽን በሚሊዮን እጥፍ የሚበልጥ ቦታ እያለው። ጥበቱ የጨዋታ ሕግ ነው፤ ሲሰለቸው ይተወዋል። የቅኔ ተማሪም 2 ቤትን ሳይገደድ ይወደዋል። በ1980ዎቹና 90ዎቹ አማርኛን ኮምፒዩተር ውስጥ ለማስገባት የተነሱት የእኛ ሰዎች ግን ጥበቱን አልመረጡትም። ተጭኖባቸው ነው። አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ አለው፤ ከዚያም ላይ ማሽኑ ለራሱ የሚያስቀረው አለ። 33ቱ ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙ፣ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈስሳል። ይህ መከራ አዲስ አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ መጻፊያ መኪና ሲሠሩ ያጋጠማቸው ይኸው ነው፤ በመኪናውም ፊደሉ ከነካካ እየተገጣጠመ ነበር የሚጻፈው። የድሮ የተማሪ መጽሔት ስቴንስል ያየ ሰው እግሩ ከገላው የተለያየ ፊደል ያውቃል።

እነማን ነበሩ? ካሊፎርኒያ ፍስሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ፣ ኮሎራዶ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ በሞዴት፣ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን በአጋፋሪ። (አጋፋሪ! እንግዳ አስገቢ ማለት ነው፤ ለፊደል ደጅ ከፋች ሶፍትዌር ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያወጣል?) በኋላም አባስ አላምነህ ‹‹ዋሽራ›› የተባለ የፊደል ቅርጽ አወጡ፤ ስሙን የሰማ የጎጃም ሰው ሁሉ ስለ ዋሸራ ቅኔ ቤት ማሰቡ አይቀርም። እንግዲህ እኛ ‹‹የኢትዮጵያ ዴሞ የት አለ?›› ለሚለን መልሳችን ይኸ ነው፤ ‹‹ሀ›› በስክሪን ላይ የታየባት ቅጽበት ናት። ማሽኑ አይችለውም የተባለውን፣ በማሽኑ ሕግ፣ ማሽኑን አታልሎ ማሠራት። ድንበር መክፈት።

ከእነዚህ ሥራዎች ውስጥ እንደ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ልናነበው የሚገባ አንድ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በየዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ሲጻጻፉ የነበረው በላቲን ፊደል ነው፤ ሁሉም እንደ ገባው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ለዚህ ሥርዓት አወጡለት፤ በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደላቱ ‹‹ኤስ፣ ኢ፣ አር፣ ኤ›› ይባላል። ትንሹ ቲ ‹‹ተ›› ነው፣ ትልቁ ቲ ‹‹ጠ››፤ ትንሹ ሲ ‹‹ቸ››፣ ትልቁ ‹‹ጨ››፤ ኤክስ ‹‹ሸ›› ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ለሳድስ ምንም አለመስጠታቸው ነው፤ ሳድስ ራቁቱን ይቆማል። አማርኛ ሳድስ የሚያበዛ ቋንቋ ስለ ሆነ ስንት የጣት ድካም ተረፈ! ይህ የመሐንዲስ ውሳኔ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋውን ያዳመጠ ሰው ውሳኔ ነው። ስሙ ራሱ ኅብር አለው። በደንቡ መሠረት ትንሹ ኢ ግእዝ ነው፣ ትልቁ ኢ ኃምስ ነው፤ ስለዚህ ስሙ ባንዱ ‹‹ሰራ›› በሌላው ‹‹ሴራ›› ይነበባል። አስበው ይሁን ሳያስቡ፣ እኛ ‹‹ይበል›› ብለናል። ጉድለቱ መልኩ ነው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል የተደበላለቀበት ገጽ ለዓይን ጠብ ይመስላል፤ ስንኝ በዚህ መልክ ሲጻፍ የሚያለቅስ እንጂ የሚያነብ አይገኝም።

ታላላቆቹን ግን ያለ ነቀፋ አናልፋቸውም። ዴሞ ሠሪዎቹ እርስ በርስ ቢሳደቡም ጉባኤ ነበራቸው፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ያያል፣ ይበልጠዋል። የእኛዎቹ እያንዳንዱ የራሱን የኮድ ሠንጠረዥ ይዞ ለብቻው ቆመ። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ርቀቱ፣ ስደቱ፣ ገበያው አስገድዷቸው ይሆናል፤ ውጤቱ ግን የታወቀ ነው። ያን ጊዜ የተጻፈ ፋይል ዛሬ ያለ ፎንቱ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው። ፊደላችን የጋራ ወንበር ያገኘው በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 ምልክቶች ሲመደቡለት ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በራሱ የተነሳ አልተሻገረም፤ የሚያሻግረው ሰው ይፈልጋል።

ፊንላንድ በ2020 ዴሞሲንን ከአገሪቱ ሕያው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች፤ ጀርመንና ፖላንድም በ2021 ተከትለዋል። የዘራፊ ልጆች ማኅተም ቅርስ ሆነ። ‹‹ሰከንድ ሪያሊቲ›› ምንጩ ተከፍቶ ማንም ያነበዋል። ቅኔም ቢሆን አንዴ ተብሎ በነፋስ ከመሄድ የተረፈው የሰበሰቡት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1918 ዓ.ም. በእኛ፣ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀንበሬ በ1963 ዓ.ም. በእኛ መጽሐፈ ቅኔ ባያሳትሙ ስንቱ ይቀር ነበር። በአጋፋሪና በሞዴት የተጻፈውን፣ በላቲን ፊደል የተጻጻፉትን ደብዳቤ፣ የፊዶኔቱን የአዲስ አበባ መልእክት ማን ሰበሰበ? የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስንማር ከስቴንስል ዘመን ዘለን ወደ ስልክ ዘመን እንገባለን፤ መካከሉ በፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው፣ የፍሎፒ ማግኔት ደግሞ ተራ አይጠብቅም። በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያና በየአጎታችን ቁም ሣጥን ያለው ዲስክ እንደ ብራና አይታይም እንጂ ብራና ነው። እኛ የሰዋስው ትምህርታችንን ይዘን፣ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን የኮድ ሠንጠረዡን ይዘው፣ አንድ ዲስክ ላይ አብረን ብንቀመጥ አንድምታ ይወጣዋል። ያላችሁ ለክበቡ አሳውቁ፤ ዲስኩን በፖስታ አጥፋችሁ አትላኩት።

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር ሞከርን። የሒሳብ ደብተር ከነካሬው ወስደን፣ በኮሞዶር 64 ልክ፣ 8 በ8 ነጥብ ውስጥ ፊደላችንን ሣልን። አንድ ፊደል 8 ባይት ነው፤ 231 ፊደል በ8 ሲባዛ 1,848 ባይት ይመጣል። መላው የፊደል ገበታ ከ‹‹ኤሌቬትድ›› ተራራ ግማሽ አይሞላም ማለት ነው፤ ለሙዚቃውና ለእንቅስቃሴው 2,248 ባይት ይተርፋል። ቦታ አልነበረም የጠፋው። ‹‹ሀ›› እና ‹‹ለ›› በቀላሉ ወጡ፤ ‹‹መ›› ትንሽ አስቸገረ፤ ‹‹ጠ›› ሦስት እግሩን ዘርግቶ በሚገባ ቆመ። የ‹‹ጨ›› ቤት ግን እግሮቹ ላይ ያሉት ሰረዞች በ8 ነጥብ ወርድ አልበቃ ብሏቸው እስካሁን ከ‹‹ጠ›› አልተለየም። ‹‹ጬ››ን 8 በ8 ውስጥ አስገብቶ ያመጣ ሰው በሚቀጥለው እትም ሥራው ይወጣለታል።